የሴንሰር ኔትወርክ ሲሙሌተር ሲያሳስት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በጎንደር የፋሲል ግቢን ግንቦች ሙቀትና እርጥበት በገመድ አልባ ሴንሰር ለመከታተል የሚያስብ ተማሪ፣ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ኔትወርኩን በኩጃ ሲሙሌተር (የሴንሰር ኔትወርክን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ በሚያስኬድ ፕሮግራም) መሞከሩ ተገቢ ነው። ሆኖም የሲሙሌተሩን ውስጣዊ አሠራር ካላወቀ፣ ስህተቱ ከኮዱ ይሁን ከመሞከሪያው ለመለየት ይቸገራል።

ምልክት፦ ሲሙሌሽኑ ደርቆ ይቀራል፤ ሰዓቱ አይንቀሳቀስም፣ ፕሮሰሰሩ ግን በሙሉ ኃይሉ ይሠራል።

ምክንያቱ ያለው ኩጃ ጊዜን በሚቆጥርበት መንገድ ላይ ነው። ኩጃ ክስተቶችን በየሰዓታቸው አሰልፎ በወረፋ ይይዛል፤ ከፊት ያለውን ያስፈጽምና ሰዓቱን በቀጥታ ወደሚቀጥለው ክስተት ያሻግራል። «ኩጃ ሞት» የተባለው የኖድ (በኔትወርኩ ውስጥ ያለ የአንድ ሴንሰር መሣሪያ) ዓይነት ኮዱ በኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ስለሚሠራ፣ አንድ ክስተት የቱንም ያህል ቢረዝም በሲሙሌሽኑ ሰዓት ምንም ጊዜ አይወስድም። ስለዚህ ኮዱ 2 ሰከንድ እስኪሞላ በባዶ ሉፕ (ምንም ሳይሠራ ራሱን በሚደጋግም ኮድ) ቢጠብቅ፣ ሉፑ የሰዓቱን መራመድ፣ ሰዓቱም የሉፑን ማለቅ እየጠበቁ ሁለቱም ይቆማሉ። ይህን ሳያውቁ ሲሙሌተሩን ደጋግሞ መጫን ብዙ ቀን ያባክናል።

መፍትሄው ባዶውን ሉፕ በኢታይመር (ጊዜው ሲደርስ ፕሮሰሱን በሚቀሰቅስ ሰዓት ቆጣሪ) መተካት ነው፤ ያን ጊዜ ፕሮሰሱ እየጠበቀ ተራውን ለሲሙሌተሩ ይለቃል። ሉፑን መተው የማይቻል ከሆነ ኖዱን «ስካይ ሞት» ወደተባለው ሌላ ዓይነት መለወጥ ይገባል፤ እዚያ ኤምኤስፒሲም የተባለው አስመሳይ ፕሮግራም የኖዱን ፕሮሰሰር ትእዛዞች አንድ በአንድ እየፈጸመ ዑደታቸውን ስለሚቆጥር፣ ሲሙሌሽኑ ቢዘገይም ጊዜው በሉፑ ውስጥ እንኳ ይራመዳል።

ምልክት፦ ሙከራው ስንት ጊዜ ቢደገም ውጤቱ አንድ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሲሙሌተሩ የሚጠቀምባቸው የዘፈቀደ ቁጥሮች መነሻ (ሲድ) 123456 ሆኖ ስላልተለወጠ ነው። መነሻውን እየቀያየሩ ቢያንስ 10 ጊዜ ሳያስኬዱ ግራፍ መሥራት ተገቢ አይመስለኝም።

ምልክት፦ በሲሙሌሽኑ ፓኬቱ (ኖዶቹ የሚላላኩት የመረጃ ጥቅል) ሁሉ ይደርሳል፣ በግቢው ውስጥ ግን ይጠፋል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሲሙሌተሩ ምንም የስህተት መልእክት አያሳይም።

ዩዲጂኤም የተባለው የሬዲዮ ሞዴል በኖዱ ዙሪያ 50 ሜትር የማሰራጫ፣ 100 ሜትር ደግሞ የመረበሻ ክብ ይስላል፤ የመቀበል ዕድሉ 1 ሆኖ ከተተወ በመጀመሪያው ክብ ውስጥ ያለ ሁሉ፣ የሌላ ኖድ ስርጭት ካልረበሸው፣ ሙሉ በሙሉ ይሰማል። በዚህ ስሌት 900 ሜትር የሚረዝመው የግቢው ቅጥር በ18 ኖድ የሚሸፈን ይመስላል። ነገር ግን ሞዴሉ የድንጋዩን ውፍረትም ሆነ በኖዶቹ መካከል የቆመውን ግንብ አያውቅም።

እንደ መጀመሪያ እርምጃ የመቀበል ዕድሉን ከ1 ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ርቀት ሲጨምር ፓኬቱ የመድረስ ዕድሉ ይቀንሳል። የተሻለው ግን ዲጂአርኤም የተባለውን ሌላ የሬዲዮ ሞዴል መምረጥና ለእያንዳንዱ ጥንድ ኖድ የራሱን የመድረስ ዕድል መስጠት ነው። ለዚህም ሁለት ኖዶችን ይዞ ወደ ቦታው መሄድ፣ ከየነጥቡ ፓኬት ልኮ የደረሰውን መቁጠር ያስፈልጋል፤ ከግንቡ ውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደው ከውጭ ወደ ውስጥ ከሚገባው ሊለይ ስለሚችል፣ ሁለቱም አቅጣጫ ለየብቻ ይለካል፣ ለየብቻም ይመዘገባል።