ደብዛዛና ድርብ ምስል የሚያሳይ አሮጌ የጦር ሜዳ መነጽር፦ ችግርና መፍትሄ

በሶቪየት ኅብረት የተሠራ 8 በ30 (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 30 ሚሊ ሜትር የሆነ) የጦር ሜዳ መነጽር ሲደበዝዝ ብዙ ሰው የሚቸኩለው የውጩን መስታወት ለመወልወል ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ስለሆነ፣ ውልወላው የሌንሱን ስስ ፀረ ነጸብራቅ ሽፋን ከመፋቅ ያለፈ ጥቅም የለውም። ስለዚህ አስቀድመው በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ በሰያፍ እያበሩ በፊት ሌንሶቹ በኩል ወደ ውስጥ ይመልከቱ።

ወጥ የሆነ ነጣ ያለ ጭጋግ ከታየ፣ ከአሮጌው ግሪስ ተንኖ በፕሪዝሞቹ፣ ማለትም ብርሃኑን በሚያጥፉት የውስጥ መስታወቶች ላይ ያረፈ ቅባት ነው። መነጽሩን ከፍተው አቧራውን በጎማ መንፊያ ካራገፉ በኋላ፣ ንጹሕ አልኮል በትንሹ በነካ የሌንስ ወረቀት ከመሃል ወደ ዳር ይጥረጉ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ከሆነ ግን ሻጋታ ነው፤ ይህም ከአልኮል ይልቅ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይፈልጋል። ሻጋታው መስታወቱን በልቶት ከሆነ ምልክቱ በምንም አይለቅም። እርጥበት የሚይዘው የቆዳ ማኅደርም ሻጋታውን መልሶ ስለሚያበቅለው፣ መነጽሩን እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ጥብቅ ብሎ በሚገጠም ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሲያዩበት ጥርት ብላ የምትታይ ጥቁር ነጥብ ካለች፣ በፊት ሌንሱ ላይ አይፈልጓት። እዚያ ያለ ጉድፍ ለዐይን አይለይም፤ እንዲህ ጎልቶ የሚታየው በውስጥ ባለው፣ ሲያዩ የሚታዩት የመለኪያ መስመሮች በተቀረጹበት መስታወት ላይ ያረፈ ነው። መስመሮቹ እንዳይጠፉ በአየር ብቻ ያራግፉት።

የዐይን መመልከቻው አልዞር ካለ ግሪሱ ደርቋል፤ በጉልበት አይታገሉት። በሚዞርበት የብሎን ጥርስ ላይ ጥቂት ቤንዚን ጠብ አድርገው ይታገሡ፤ ፈሳሹ ሌንሱን እንዳይነካ ግን ይጠንቀቁ።

ከሁሉ የከፋው ድርብ ምስል ነው። መነጽሩ ወድቆ ፕሪዝሙ ሲንሸራተት የሁለቱ በርሜሎች (የግራና የቀኝ ቱቦዎች) አቅጣጫ ይለያያል። ዐይን መጠነኛ የጎን ልዩነትን ሊያስታርቅ ይችላል፤ አንዱ ምስል ከሌላው ከፍ ሲል ግን ራስ ምታት ይከተላል። ስለዚህ ለጽዳት በሚከፍቱበት ጊዜም አንዱን በርሜል ሳይጨርሱ ሌላውን አይንኩ፤ ፕሪዝሙ የተቀመጠበትንም ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። አቅጣጫው አስቀድሞ ከተዛባ፣ በብዙዎቹ ላይ የፊት ሌንሱን ማዕከል የሚያዛውሩ ሁለት ቀለበቶች አሉ፤ እነሱን በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ በሩቅ ያለ ምሰሶ ጫፍ አንድ እስኪሆን ድረስ ማስተካከል ይቻላል። ማስተካከያው የሚሠራው ግን በሁለቱ ዐይኖች መካከል ላለ ለአንድ ርቀት ብቻ ከሆነ፣ መነጽሩ ሲታጠፍ ምስሉ እንደገና ስለሚለያይ፣ ሥራውን የመለኪያ መሣሪያ ላለው ባለሙያ መስጠት ያስፈልጋል።