የቴክኒክ ደረጃን ከነማብራሪያው ለማሳተም

የቴክኒክ ደረጃን፣ ማለትም አንድ ምርት ወይም ሥራ ሊያሟላው የሚገባውን መስፈርት የያዘ ሰነድ፣ ከነማብራሪያው የሚያሳትም አዘጋጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስገድደውን ቃል ከሚያስረዳው ቃል መለየት አለበት። ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚተረጉሙ የአንድምታ ሊቃውንት ሥርዓቱን አሳይተውናል፤ የግእዙ ንባብ እንዳለ ይቀመጣል፣ የአማርኛው ትርጓሜ ይከተለዋል፣ ሌላ ትርጓሜ ሲኖር «አንድም» እየተባለ ይደረባል፣ ንባቡ ግን አይነካም።

የመጠጥ ውሃ ደረጃን እንውሰድ፤ በአዳማና በወንጂ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ጠጥተን ላደግን ሰዎች ፍሎራይድ በጥርሳችን ላይ የሚታይ ጉዳይ ነው። ንባቡ፣ ማለትም የሚያስገድደው ቃል፣ «የፍሎራይድ መጠን በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም» የሚል ቢሆን፣ የመጀመሪያው የማብራሪያ ደርብ መጠኑ ከዚህ ሲያልፍ ጥርስ እንደሚበልዝ፣ እጅግ ሲበዛም አጥንት እንደሚጎዳ ያስረዳል። ሁለተኛው ደርብ ቁጥሩ ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የመጣ መሆኑን፣ ድርጅቱም አገሮች የአየር ንብረታቸውንና ሰው በቀን የሚጠጣውን ውሃ እንዲያገናዝቡ መምከሩን ይጨምራል፤ በአዳማ ሙቀት ብዙ የሚጠጣ ሰው ብዙ ፍሎራይድ ይወስዳልና። ሦስተኛው ደርብ የባለሙያው ነው፦ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ሊዋሐድ ስለሚችል ናሙናውን በፕላስቲክ ጠርሙስ መያዝ ይመረጣል።

ከባዱ ሥራ ግሡ ላይ ነው። «አለበት» ግዴታ፣ «ይመከራል» ምክር፣ «ይችላል» ፈቃድ መሆኑ በመግቢያው ይገለጽ፤ በማብራሪያው ደርብም «አለበት» እንዳይገባ ይጠንቀቁ። አማርኛ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ባዘጋጀሁት አንድ የሥልጠና ጽሑፍ ማብራሪያ ላይ «ናሙናው በየወሩ ይወሰዳል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ልማዱን መግለጼ ነበር፣ አንድ ቴክኒሻን ግን ትእዛዝ አድርጎ ወሰደው። «በየወሩ መውሰድ የተለመደ ነው» ብል ኖሮ ባልተሳሳተ ነበር።

ማብራሪያው የሚታሰረው በአንቀጽ ቁጥርና በእትም ዓመት እንጂ በገጽ ቁጥር አይደለም፤ አንቀጽ ቢሰረዝም ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥ። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት 318 ኮድ (የኮንክሪት ግንባታ ደንብ) ድንጋጌውን በግራ፣ ማብራሪያውን በቀኝ ዓምድ አድርጎ በዚያው አንቀጽ ቁጥር ላይ «አር» (R) የሚል የላቲን ፊደል ማስቀደሙ አንባቢን ከብዙ ፍለጋ ያድናል። በታተመው ንባብ ስሕተት ቢገኝ በዝምታ አይታረም፤ እርማቱ ቀን ተጽፎበት በራሱ ደርብ ይግባ። ደረጃው የሌላ ድርጅት ከሆነ ንባቡን ለማሳተም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ደርቦቹን በቀለም ብቻ አይለዩ። በእኛ ዘንድ ሰነድ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ነውና፣ ሰማያዊውም ቀዩም እዚያ አንድ ይሆናሉ። ከማሳተምዎ በፊት አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ያስነሡና ሰነዱን ለማያውቅ ሰው ሰጥተው ግዴታውን ብቻ በእርሳስ እንዲያሰምር ይጠይቁት፤ ከማብራሪያው አንድ መስመር እንኳ ካሰመረ የፊደሉ መጠንና የኅዳጉ ርቀት እንደገና ይስተካከል።