ከዊንዶውስ 10 ወደ ሊኑክስ ሚንት፦ የቤት ኮምፒዩተርን ሰነድ ሳያጡ ማሻገር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒዩተሩ ዛሬም እንደ ወትሮው ይነሳል፤ ሆኖም አዲስ የሚገኙ የደህንነት ክፍተቶች በመደበኛነት አይደፈኑለትም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍልና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ገና በደንብ የሚሠሩ በርካታ ላፕቶፖች መስፈርቱን አያሟሉም። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን እኔ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንት የተባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ስርዓተ ክወና ነው። ክፍያ የለውም፤ የመነሻ ምናሌውና የታችኛው አሞሌው ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው እንግዳ አይደሉም፤ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒዩተር ላይም ይሠራል።

ጭነቱ ራሱ ቀላል ነው። ሰው የሚጸጸተው ከጭነቱ በፊት ባላደረገው ነገር ስለሆነ፣ አስቀድመው ፋይሎችዎን ሁሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። በዶክመንትስ ፎልደር ብቻ አይወሰኑ፤ ዴስክቶፕ ላይ የተበተነው፣ ዳውንሎድስ ውስጥ የተከማቸው፣ በቴሌግራም የወረደውም አብሮ መሄድ አለበት። ከገለበጡ በኋላ ጥቂቶቹን ከውጭው ዲስክ ላይ ከፍተው ይመልከቱ፤ ያልተከፈተ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም።

የአማርኛ ሰነድ ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ጉዳይ አለ። በቆዩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ስሪቶች የተጻፉ ብዙ ሰነዶች በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ የተቀመጡ አይደሉም። በፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደላት ኮድ ሲሆን፣ ፊደላችንን መስሎ የሚታየው ፎንቱ በላዩ ስለሚስለው ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የአያትዎ ኑዛዜ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። ለማጣራት አንድ አንቀጽ መርጠው ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ይቀይሩ፤ ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው፤ ከተበላሸ ግን ለውጡን መልሰው ሰነዱን እዚያው ዊንዶውስ ላይ በፒዲኤፍ ያስቀምጡት፣ ፎንቶቹንም በዊንዶውስ ፎልደር ሥር ካለው ፎንትስ ከሚባለው ፎልደር ወደ ፍላሽ ይቅዱ። እነዚህን ፎንቶች በኋላ ሊኑክስ ላይ ሲጭኗቸው የቆየው ሰነድ እንደገና ይነበባል።

እንደ ፒችትሪ ባለ የሂሳብ ፕሮግራም የሚሠሩ ከሆነ ዊንዶውስን ጨርሶ አያጥፉ። ሁለቱን ስርዓተ ክወናዎች ጎን ለጎን ማኖር ይቻላል፤ ለዚህም ቢያንስ 50 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ እንዲኖር እመክራለሁ። በተጨማሪም ዊንዶውስ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተካከል ያስፈልጋል። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ ምስጢር መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ የመልሶ መክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ከጻፉ በኋላ ቢትሎከርን ያጥፉ፤ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውንም ያጥፉ፤ አለዚያ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ክፍል ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ አይከፍተውም።

ከዚያ የሚንትን መጫኛ፣ አይኤስኦ የሚባለውን ፋይል፣ ከራሱ ድረ ገጽ ያውርዱ፤ መጠኑ 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። ሩፈስ በተባለው ትንሽ ፕሮግራም 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ይጻፉት፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ አይዘንጉ። ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ሲያስነሱት የማስነሻ ምርጫውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ ብዙውን ጊዜ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ነው።

ሚንት ከፍላሹ ሲነሳ በዲስኩ ላይ ምንም ሳይነካ ይሠራል። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ዋይፋዩን ያገናኙ፣ ድምፁን ይስሙ፣ ፕሪንተሩን ይሰኩ። ዋይፋዩ ካልታየ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተው ኢንተርኔቱን ያጋሩና በድራይቨር ማኔጀር በኩል የሚጎድለውን ይፈልጉ። ያልተሳካ ነገር ካለ ፍላሹን ነቅለው ወደ ዊንዶውስዎ መመለስ ነው።

ሁሉም ከተስማማ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት ይክፈቱ። ከመጀመርዎ በፊት የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን፤ ዲስክ በሚከፋፈልበት ሰዓት መብራት ቢሄድ ጉዳቱ ከባድ ነው። ከጥያቄዎቹ መካከል አንዱ ብቻ በጥሞና ሊነበብ ይገባዋል፤ እሱም ከዊንዶውስ ጎን ይጫን ወይስ ዲስኩ በሙሉ ይጥፋ የሚለው ነው። ሁለተኛውን መርጠው ካጸደቁ በዲስኩ ላይ የነበረውን ማንም አይመልስልዎትም።

በአማርኛ ለመጻፍ ከሶፍትዌር ማኔጀር አይባስ የተባለውን የጽሑፍ ማስገቢያ ፕሮግራምና ኤም17ኤን የሚባለውን የአይባስ ተጨማሪ ይጫኑ፤ ከመለያዎ ወጥተው (ሎግ አውት አድርገው) ተመልሰው ሲገቡ በአይባስ ምርጫዎች ውስጥ አማርኛን፣ ከሥሩም ሴራ (sera) የሚለውን የአጻጻፍ ስልት ይጨምሩ። አጻጻፉ በድምፅ ስለሆነ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ሲመቱ «ሰላም» ይወጣል።

ሁለቱን ስርዓቶች ጎን ለጎን ያኖረ ሰው ደግሞ በእኛ አገር ሰዓቱ በሦስት ሰዓት ሲዛነፍ ያያል። ዊንዶውስ የኮምፒዩተሩን የውስጥ ሰዓት እንደ አካባቢው ሰዓት ሲያነብ፣ ሊኑክስ ግን እንደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ያነበዋል፤ ኢትዮጵያ ከዚያ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ባትሪው አልቆ ነው ብለው ወደ ጥገና አይውሰዱት፤ ሊኑክሱ የአካባቢውን ሰዓት እንዲከተል በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል ይበቃል።