የዝናብ ራዳር ጉልላት ችግሮች፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ራዳሩ ደከመ ሲባል ሁሉም ትራንስሚተሩን፣ ሞገድ የሚልከውን ክፍል፣ ሊፈታ ይሮጣል። መጀመሪያ ማማው ላይ ውጡና ጉልላቱን፣ አንቴናውን ከዝናብ የሚከልለውን ከፓነሎች የተገጣጠመ ክብ ሽፋን፣ እዩ።

ማማው ላይ ሲዘንብ በሁሉም አቅጣጫ የራዳሩ ሲግናል ይወርዳል፣ ሲያባራ ይመለሳል፦ ውሃ የሚገፋው ሽፋን አልቋል። ውሃው ጠብ ጠብ ብሎ መውረዱ ቀርቶ ላዩ ላይ ተነጥፎ ሞገዱን ይውጣል። የራዳር ዓይነቶች በሞገዳቸው ርዝመት ይለያያሉ፦ 3 ሴንቲ ሜትሩ ኤክስ ባንድ ክፉኛ ይጎዳል፣ 5 ሴንቲ ሜትሩ ሲ ባንድ ይከተላል፤ 10 ሴንቲ ሜትሩ ኤስ ባንድ ይሻላል። አጥባችሁ አምራቹ ባዘዘው ሽፋን አድሱት። አንድ ጣቢያ «እንዲያምር» ተብሎ ብረት ያለበት ብርማ ቀለም ተቀብቶ አግኝቻለሁ፤ ራዳሩን በርሜል ውስጥ ከትቶ መክደን ማለት ነው!

ሲ ባንድ ላይ በራዳሩ ምስል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቀጭን መስመር፦ አብዛኛውን ጊዜ የ5 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ ነው። ጉልላቱን አትንኩ።

ውስጥ ውሃ ተገኘ፦ ዘወትር የምጠራው ለዚህ ነው። ሳይዘንብ ጠዋት ጠዋት ዙሪያውን ካላበው ጤዛ ነው፤ የአየር ማስወጫውን እዩ። ከዝናብ በኋላ በአንድ መስመር ከወረደ ግን የፓነል መገጣጠሚያ ነው። ጠብታው ካረፈበት በላይ ያለውን ቦታ ሲልከን መለጠፍ ከንቱ ልፋት ነው፤ ውሃው ከላይ ገብቶ በጠርዙ ተንሸራትቶ ነው ሌላ ቦታ የሚወርደው። መገጣጠሚያዎቹን ከውስጥ ጠመኔ ቀቡ፤ ሌላ ሰው ከውጪ በጎማ፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ያጠጣ። የሚያፈሰው ጠመኔው መጀመሪያ የታጠበበት መገጣጠሚያ ነው። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ይረጥብና ምንም አይለይም።

ስፈታው የማገኘው ያው ነው፦ ተከላው ተቻኩሎ አቧራ ላይ የተደፋ ርካሽ ሲልከን። ሲቀባ አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን አትግዙ፣ አሲዱ ብሎን ያዝጋል። አሮጌውን በፕላስቲክ ፍቃችሁ፣ በአልኮል ጠርጋችሁ፣ አድርቃችሁ ሽታ የሌለውን፣ ኒውትራል የሚባለውን ቀቡ። በአሮጌው ላይ መደረብ የለም! ብሎኖቹን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ቁልፍ)፣ አምራቹ በጻፈው ልክ፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። አንድ ጎረምሳ በረጅም ቁልፍ እስኪጮህ አጥብቆ የፓነሉን ውስጠኛ ፎም ጨፍልቆት አይቻለሁ፤ ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ጥፍር ካላሳለፋችሁበት አይታወቅም። ፎሙ ውሃ ከጠጣ ፓነሉ ይቀየራል እንጂ ሲልከን አያድነውም። ሥራውን የካቲት ላይ ጨርሱ፣ ሰኔ አትጠብቁ።

ከመግባታችሁ በፊት ትራንስሚተሩን አጥፉ፣ የአንቴናውን ሞተር ቆልፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዘበኛው «ልርዳቸው» ብሎ ሊያስነሳው ይችላል።

አልፎ አልፎ ደግሞ የሚያፈሰው አናቱ ላይ የመብረቅ መከላከያው ዘንግ የታሰረበት ነው፤ ጎሚኒውን ቀይሩ።