የእንስሳት ሳይንስን በዲግሪ እንዴት እንማር? ከምርጫ ፎርም እስከ በረት

«ዶክተር፣ ላሚቱ መብላት አቁማለች፣ እስቲ ይዩልኝ።»

እንስሳት ሳይንስ ተምራችሁ ገጠር ከወጣችሁ ይህን መስማታችሁ አይቀርም። ችግሩ ዶክተር አለመሆናችሁ ነው። ስለዚህ ከዚሁ እንጀምር።

1. መጀመሪያ ሁለቱን ትምህርቶች ለዩ

የእንስሳት ህክምና የታመመውን ማከም ነው። ትምህርቱ ረዘም ይላል፣ ሲመረቁም «ዶክተር» ይባላሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ያለው ለዚሁ ነው። እንስሳት ሳይንስ ግን የጤነኛውን እንስሳ ኑሮ ያጠናል። ምን ይብላ? ከየትኛው ዝርያ ይዳቀል? የት ይደር? ስንት ይታለብ? ህልማችሁ መርፌ መያዝ ከሆነ እዚህ ብትገቡ ትከፋላችሁ። «ወተቱን እንዴት ላብዛው?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ግን ቦታችሁ ይሄ ነው።

2. መግቢያው

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መሆን ያስፈልጋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለፊያ 50 በመቶ ነው። ከዚያ ፍሬሽማን አለ። ሁሉም የጋራ ኮርስ ይወስዳል፣ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ፍሬሽማንን ጨምሮ አራት ዓመት ይፈጃል።

እውነቱን ለመናገር ብዙው ተማሪ እዚህ የሚገባው መርጦ ሳይሆን ተመድቦ ነው። እኔም ሦስተኛ ምርጫዬ ነበር፣ ሁለት ሳምንት አኩርፌያለሁ። መርጦ ለሚመጣ ግን ይሄ ጥሩ ዜና ነው። እንደ ህክምናና እንደ ሶፍትዌር ብዙ ሰው አይጋፋበትም። አንደኛ ምርጫ አድርጋችሁ ሙሉት።

3. ዩኒቨርሲቲውን በአካባቢው ከብት ምረጡ

ሰው ዩኒቨርሲቲ የሚመርጠው በከተማው ድምቀት ነው። እናንተ ዙሪያውን በሚረባው እንስሳ ምረጡ። ባህር ዳር ከተማራችሁ የፎገራ ከብት ቅርባችሁ ነው። ዝርያው የሚጠናበት የአንዳሳ የምርምር ማዕከልም ሩቅ አይደለም። ግመልና የአርብቶ አደር ኑሮ የሚስባችሁ ጅግጅጋን ወይም ሰመራን አስቡ። ሀሮማያ አለማያ ይባል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ በግብርና ትምህርት የታወቀ ነው። ሀዋሳና ጅማም የቆዩ የግብርና ኮሌጆች አሏቸው።

4. ከኮርሶቹ ሁሉ መኖውን አጥብቃችሁ ያዙ

ዘረመል አለ፣ ስታትስቲክስ አለ (ይሄኛው ብዙዎችን ያስለቅሳል)፣ ዶሮ፣ ንብ፣ ዓሣ አለ። የእንስሳት አመጋገብ ግን የሙያው እምብርት ነው። በበዓል ሽንፍላ ያጠበ ሰው ትምህርቱን በከፊል ጀምሮታል። የላም ሆድ አራት ክፍል አለው፣ ያ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበው ሽንፍላ አንዱ ነው። ገለባውን የሚያብላሉላት ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተህዋስያን ናቸው። ዶሮ እንደ ላም ጨጓራ ስለሌላት በገለባ አትኖርም።

ከዚያ ስሌቱ ይመጣል። ያላችሁ የስንዴ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ነው እንበል። ፉርሽካው 16 በመቶ፣ ፋጉሎው 30 በመቶ ፕሮቲን አለው ብላችሁ ያዙ። የምትፈልጉት 20 በመቶ ያለው ድብልቅ ነው። አራት ማዕዘን ስሩና መሀሉ ላይ 20 ጻፉ። በግራ በኩል ከላይ 16፣ ከታች 30 አስቀምጡ። አሁን በሰያፍ ቀንሱ። ከ30 ላይ 20 ሲነሳ 10 ይቀራል፣ ይሄ የፉርሽካው ድርሻ ነው። ከ20 ላይ 16 ሲነሳ 4 ይቀራል፣ ይሄ የፋጉሎው ነው። ድምሩ 14። ስለዚህ ለ100 ኪሎ ድብልቅ 71 ኪሎ ገደማ ፉርሽካ፣ 29 ኪሎ ገደማ ፋጉሎ ትመዝናላችሁ። ይህን ወረቀት ላይ ብቻ ሰርታችሁ አትተዉት። ሄዳችሁ የፋጉሎ ዋጋ ጠይቁ። ፈተናው እዚያ ነው፤ ገበሬው የሚጠይቃችሁ ስለ ፕሮቲኑ ሳይሆን ስለ ብሩ ነው።

5. በረት ግቡ

ላም ኮርማ የምትፈልገው በአማካይ በ21 ቀን አንዴ ነው፣ ምልክቱም ከአንድ ቀን በታች ነው የሚቆየው። ሌላ ላም ስትወጣባት ፀጥ ብላ ከቆመች ጊዜው ደርሷል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ጠዋት ከታየባት ማታ፣ ማታ ከታየባት በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች።

ቀላል ነው አልኩ እንጂ እኔ ተሳስቼበታለሁ። በልምምድ ላይ ሳለሁ አንዷ ላም እንዲሁ ስትቆም ጠዋት አየኋት። «ቁርስ በልቼ ለአዳቃዩ እነግረዋለሁ» አልኩ። ረሳሁት። ትዝ ሲለኝ በማግስቱ ከሰዓት ሆኗል። ባለቤቱ ምንም አልተናገሩኝም፣ ወደ መኖው ክምር አየት አድርገው ብቻ ዝም አሉ። የ21 ቀን ቀለብ በእኔ ፍርፍር ምክንያት ባከነ። ከዚያ ወዲህ ከማስታወሻ ደብተር ተለይቼ በረት ገብቼ አላውቅም።

6. ማጠናቀቂያው

መመረቂያ ጽሑፍ ትሰራላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ለሱ የመጨረሻውን ወር ሳትጠብቁ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ አጫጭር ማስታወሻ አስቀምጡ። ስራው ከወረዳ ጽህፈት ቤት እስከ ምርምር ማዕከል፣ የዶሮ እርባታና የመኖ ማቀነባበሪያ ይደርሳል። በግል ሁለት ላም ይዘው የጀመሩም አሉ።

ለተግባር ልምምድ ቦታ ስትመርጡ ቦት ጫማና ጋዋን ይዛችሁ ሂዱና ይህን ጠይቁ፦ «ንጋት 11 ሰዓት መጥቼ ማለብ እችላለሁ?» «እሱ የሰራተኛ ስራ ነው፣ አንተ ቢሮ ቁጭ በል» ካሏችሁ አመስግናችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።