ካይሮ ክሎክን የሐበሻ ሰዓት እንዲቆጥር ማድረግ

ካይሮ ክሎክ ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ክብ የዴስክቶፕ ሰዓት ነው። ቆጣሪዎቹ ጥላ ያጠላሉ፣ ከላይ መስታወት ያብለጨልጫል። እውነተኛ ባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ሥዕል ግን አይደለም። ዝርግ ሥዕሎች ተደራርበው ነው ዓይን የሚሸውዱት። ለእኔ ይበቃኛል።

ትእዛዞቹን በስልክ እንደማስጽፋችሁ አድርጌ ልንገራችሁ። እናንተ በላቲን ፊደል ጻፉት።

ሊኑክሳችሁ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ከሆነ ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ክፈቱና ሱዶ አፕት ኢንስቶል ብላችሁ የፕሮግራሙን ስም ጨምሩ። ስሙ ካይሮ፣ ሰረዝ፣ ክሎክ ነው፤ ሁሉም በትንንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ። ከተጫነ በኋላ ስሙን ብቻ ጽፋችሁ ኢንተር ስትመቱ ሰዓቱ ብቅ ይላል።

አሁን ከስሙ ቀጥሎ አማራጮች እንጨምር። ሰረዝ ኤስ ሴኮንድ ቆጣሪው እንዲታይ ያደርጋል። ሰረዝ ኦ ሰዓቱን ከሌሎች መስኮቶች በላይ ያስቀምጠዋል። ስፋቱን በሰረዝ ደብሊው፣ ቁመቱን በሰረዝ ኤች ትወስናላችሁ፤ ለሁለቱም 200 ብትሰጡ ጥሩ መጠን ነው። ሰረዝ ኤል የተጫኑትን ገጽታዎች ይዘረዝራል። የወደዳችሁትን ስም ከሰረዝ ቲ ቀጥሎ ጻፉ። ሰረዝ አር ደግሞ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚሣል ይወስናል። ካልነካችሁት 30 ነው። ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነና ማራገቢያው መጮህ ከጀመረ ወደ 10 አውርዱት።

ሰረዝ ኤፍ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሰዓት ቆጣሪው በ24 ሰዓት አንዴ ብቻ እንዲዞር ያደርጋል። እስከ 12 ብቻ በተቆጠረ ገጽታ ላይ ካበራችሁት ሰዓቱ ያበደ ይመስላል።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህን ሰዓት የሐበሻ ሰዓት ማድረግ ይቻላል። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) በ3 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጁ በ6 ይዘገያል። ሲደመር ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ከፕሮግራሙ ስም በፊት ይህን ጻፉ፦ ቲ እና ዜድ በትልቁ፣ የእኩል ምልክት፣ ኤች ኤ ቢ፣ ከዚያ 3። እስከዚህ ክፍት ቦታ የለም። ኤች ኤ ቢ እኔ ያወጣሁት ስም ነው፤ ሌላም ሦስት ፊደል ይሆናል። 3ቱ የመቀነስ ምልክት አይፈልግም። በዚህ አጻጻፍ ምልክቱ የተገለበጠ ነው፤ መጀመሪያ ቀን ሳላውቅ መቀነስ ጨምሬ ግማሽ ሰዓት ተሟግቻለሁ።

ከዚያ ክፍት ቦታ፣ የፕሮግራሙ ስም፣ ሰረዝ ኤስ። አዲስ አበባ በፈረንጅ ጠዋት 7 ሲሆን ሰዓቱ 1ን ያሳያል። ኮምፒውተሩ ዋሽንግተንም ይሁን ዱባይ ለውጥ የለውም። እናቴ ጋ ከመደወሌ በፊት የማየው እሱን ነው። ጣት መቁጠር ቀረ።

በሰረዝ ዲ ቀን እንዲታይ ካደረጋችሁ ቀኑ የፈረንጅ ነው። የሚገርመው፣ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ሊነጋጋ ሲል፣ በእኛ 12 ሰዓት ላይ ነው።

ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱ እንዲከፈት ከፈለጋችሁ ትእዛዙን ስታርትአፕ አፕሊኬሽንስ ውስጥ አስገቡ። እዚያ ግን ከሁሉም በፊት ኤንቭ የሚለውን ቃል፣ ማለትም ኢ ኤን ቪ፣ ጻፉ።