የፒካፕ ጎማ ስፔሰር፦ ከተገጠመ በኋላ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ስፔሰር ጎማውን ወደ ውጭ ለማውጣት በሞዞውና (ጎማው በሚታሰርበት የመኪናዋ ክፍል) በቸርኬው መሃል የሚገባ ወፍራም ቀለበት ነው። ስፔሰር የገጠሙ ፒካፖች ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይነት ቅሬታ ነው። "ስነዳ ከጎማው ቀጭ ቀጭ ይላል።" ስለዚህ ብዙውን የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ አልፋቸዋለሁ። የጎማ ንፋስ፣ ባላንስና አላይመንት አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

የማወራው የራሱ ብሎን ስላለው ስፔሰር ነው። ይኼኛው ሁለት ጊዜ ይታሰራል። መጀመሪያ ስፔሰሩ በመኪናዋ ብሎኖች ሞዞው ላይ ይታሰራል። ከዚያ ጎማው በስፔሰሩ ብሎኖች ይታሰራል። ባለ ስድስት ብሎን ፒካፕ ላይ በአንድ እግር ጎማ 12 ዳዶ አለ ማለት ነው። ስድስቱ ይታያሉ። ስድስቱ ከጎማው ጀርባ ናቸው። ይህን ያዙልኝ።

ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ

ቀስ ብላችሁ ስትነዱ፣ በተለይ ስትታጠፉና ፍሬን ስትይዙ፣ ብረት ከብረት ሲነካካ ይሰማል። ፍጥነት ስትጨምሩ ይጠፋል። ሾፌሩም ተሻላት ብሎ ይተወዋል። ጎማው ሲወጣ በስፔሰሩና በሞዞው መሃል ግራጫ ወይም ቡናማ ዱቄት ይገኛል። ዱቄቱ ሁለቱ ሲፋተጉ የተፈጨ ብረት ነው።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ የውስጦቹ ዳዶዎች መላላት ነው።

አንድ ደንበኛዬ በዚህ ድምፅ ሁለት ሳምንት ነድቶ መጣ። "በየሁለት ቀኑ አጠብቀዋለሁ" አለኝ። አልዋሸም። የውጮቹን ስድስት ዳዶዎች እውነትም አጥብቋቸዋል። ጎማውን ስናወጣ ግን ከውስጦቹ ሁለቱ ከነብሎናቸው ተቆርጠዋል። ሦስቱን በጣቴ አዞርኳቸው። ጎማውን ይዞ የቆየው አንድ ዳዶ ነበር። የስፔሰሩ ቀዳዳዎች ሞላልተው እንቁላል መስለዋል።

የተቆረጠውን ብሎን ወደ ብርሃን አድርጌ አሳየሁት። ከጠርዙ ጀምሮ አብዛኛው ለስላሳ ነው፤ ቅስት ቅስት መስመሮች ተደርድረውበታል። በአንድ በኩል የቀረው ጥቂት ቦታ ብቻ ሻካራ ነው። ለስላሳው ቀስ በቀስ የተሰነጠቀው ነው። ሻካራው በመጨረሻ የተበጠሰው ነው። ብሎኑ ለቀናት ሲሰበር ከርሟል፤ ድምፁም ያንን ሲናገር ነበር።

ለምን ይላላል? ጎማውን የሚሸከመው ብሎኑ ይመስለናል። የብሎኑ ሥራ ግን ሁለቱን ገጾች አጣብቆ መያዝ ነው። ጭነቱን የሚችለው በገጾቹ መሃል ያለው ፍትጊያ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ እንደ ላስቲክ ይወጠራል። የሚወጠረው ግን ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ በታች ነው። በመሃል ዝገት፣ ጭቃ ወይም ቀለም ካለ፣ ያ ነገር ተፈጭቶ ትንሽ ሲሳሳ ውጥረቱ ያልቃል። ዳዶው ሳይዞር ላላ ማለት ነው።

አንድ ወጣት አዲስ ስፔሰሮቹን እንዲያምሩለት ብሎ ሁለት እጅ ጥቁር ቀለም ቀባቸውና ገጠማቸው። ጥቂት ቀን ነድቶ ላሉበት። "የማይረባ ስፔሰር ሸጡልኝ" ብሎ ተናዶ መጣ። ቀለሙን አስለቅቀን ያንኑ ስፔሰር መለስንለት። ከዚያ በኋላ አልላላበትም።

መፍትሄው ይኸው፦

የሞዞውን ፊት ብረቱ እስኪታይ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት። በብሎኖቹ ሥር ያለውን ጥግ አትርሱ፤ ዝገት የሚደበቀው እዚያ ነው። ብሎኑ ላይ ከፋብሪካ የመጡ ስስ ቀለበቶች ካሉ አውጡ። ከስፔሰሩም ገጽ ላይ ቀለም ካለ አስለቅቁ። ዳዶዎቹን በእጅ አስጀምሩ። ተቃራኒውን ከተቃራኒው እያፈራረቃችሁ በሦስት ዙር አጥብቁ። ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ፤ የመጨረሻውን ዙር በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) ጨርሱ። ኤም 12 (12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) ብሎን ላላቸው ፒካፖች ልኩ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 135 ኒውተን ሜትር መሃል ነው። የእናንተን ከመኪናዋ መጽሐፍና ከስፔሰሩ ወረቀት እዩ።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ጎማውን አውጡና የውስጦቹን እንደገና ለኩ። ሁሉም የሚዘለው ይህ ነው። ጎማውን ሳታወጡ አጠበቅሁ ካላችሁ አላጠበቃችሁም። ከዚያ በኋላ ጎማ በተፈታ ቁጥር ለኩ።

የአየር ሽጉጥ (በአየር ግፊት የሚሠራው መፍቻ) ለመፍታት ይሁን፤ ለመግጠም አይሁን። ብሎኑን ከልኩ በላይ ይስበዋል። ጥርሱ ላይ ግራሶ አትቀቡ፤ በአንድ ዓይነት ቶርክ ብሎኑ በጣም ይወጠራል። የዳዶ ማጣበቂያ የቆሸሸ ገጽን አያካክስም። ብሎን ከተቆረጠ የተቆረጠውን ብቻ አትቀይሩ፤ የቀሩትም ያንኑ ጭነት ሲችሉ ስለነበር ስድስቱንም ቀይሩ። ቀዳዳው የሞላለለ ስፔሰር ይጣል። እባካችሁ ለሌላ ሰው አትሽጡት።

ዳዶውንም እዩ። አፉ ሾጣጣ የሆነና ጠፍጣፋ ቀለበት ያለው ዳዶ አይተካኩም። ብዙ የቶዮታ አሉሚኒየም ቸርኬዎች ከፋብሪካ የሚመጡት በጠፍጣፋው ነው። ከስፔሰር ጋር የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ሾጣጣው ነው። ሾጣጣ ዳዶ ለጠፍጣፋ በተሠራ ቀዳዳ ላይ በጠርዙ ብቻ ያርፋል፤ አሉሚኒየሙን እየበላ ይላላል።

ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መሪ ሲንቀጠቀጥ

ባላንስ ተሠርቶም ካልተወ፣ ብዙ ጊዜ ስፔሰሩ መሃል ላይ አልተቀመጠም። ሃይሉክስና ሬንጀር ሁለቱም ስድስት ብሎናቸው በ139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነው። ስለዚህ የሃይሉክስ ስፔሰር ለሬንጀር "ይገባል"። የሃይሉክስ የመሃል ቀዳዳ ግን 106.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሬንጀር 93.1 ነው። 13 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያለው ስፔሰር ሞዞው ላይ በምን ይስተካከላል? ለመኪናችሁ ሞዞ ልክ የተቆረጠ ስፔሰር ግዙ። የውጭ ገጹም ለቸርኬው መሃል የሚሆን ክብ ከንፈር ይኑረው። "ለሁሉም ይሆናል" የሚለውን አትንኩት።

ጎማው ስፔሰሩ ላይ ልጥፍ ብሎ አልቀመጥ ሲል

የመኪናዋ ብሎን ከስፔሰሩ ውፍረት ይረዝማል፤ ጫፉ ቸርኬውን ይገፋል። ሳታስሩ በፊት ቀጥ ያለ ብረት ስፔሰሩ ላይ አስተኝታችሁ እዩ። ብሎን ከነካ፣ የቸርኬው ጀርባ በዚያ ቦታ ጎድጓዳ መሆን አለበት። የብረት ቸርኬ ብዙ ጊዜ ያ ጉድጓድ የለውም። ወፈር ያለ ስፔሰር ፈልጉ።

ጎማው ፓራፋንጎ ሲነካ

ባለ 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ጎማውን በአንድ በኩል 25፣ በሁለቱም 50 ሚሊ ሜትር ያወጣዋል። ኢቲ (ቸርኬው የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ መሃል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር) 30 የነበረ ቸርኬ ኢቲ 5 ይሆናል። ጎማው ሲጠመዘዝም ሰፊ ቅስት ይሠራል። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙራችሁ፣ መኪናዋን ጭናችሁ ሞክሩ። ባዶዋን ያልነካ ጎማ ስትጫን ሊነካ ይችላል። መፍትሄው ቀጭን ስፔሰር ነው። ሁለት ስፔሰር መደራረብ ግን በምንም መንገድ አይሞከርም።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

መሪ በጎማ ፈለግ ላይ ወዲያ ወዲህ ከሳበ፣ ጎማው ስለወጣ ነው፤ ከፊት ቀጭን ይሁን ወይ አውጡት።

ዉዉ የሚል ድምፅ ከፍጥነት ጋር ከጨመረ ብዙ ጊዜ ኩሽኔታው ነው። የወጣ ጎማ ኩሽኔታውን አብዝቶ ይጫነዋል።

ዳዶ በእጅ ሁለት ዙር ሄዶ ከደረቀ አትታገሉት። የናቫራ ብሎን ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሃይሉክስ 1.5። አንዱን በሌላው በአየር ሽጉጥ ያስገባ ሰው ሁለቱንም ነው የሚያበላሸው።

የራሱ ብሎን የሌለው ስስ ስፔሰር ከሆነ የዳዶውን ዙር ቁጠሩ። ኤም 12 በ1.5 ጥርስ ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር ይያዝ። ካልያዘ ረጅም ብሎን አስገቡ።

የስፔሰሩ ብሎን ዳዶውን ስትፈቱ አብሮ ከዞረ ማቀፊያው ሞቷል። ዳዶውን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ስፔሰሩንም ቀይሩ።